ጥምዝ እግር፦ ስለ እንጨት ጌጥና ስለ ሠራተኛው ጊዜ

ይህ ጽሑፍ የሚነሳው ከአንድ ወንበር ነው። መጽሔታችን በሚባዛበት ክፍል ጥግ፣ ከስቴንስሉና ከቀለሙ ጣሳ አጠገብ፣ ማን እንዳመጣው የማይታወቅ አሮጌ ወንበር አለ። ሦስቱ እግሮቹ እንደ ገመድ የተጠመዘዙ ናቸው። አራተኛው ግን ድሮ ተሰብሮ በቦታው የመጥረጊያ እጀታ የመሰለ ልሙጥ ዱላ ተተክቶበታል። ባለፈው ወር ሳንቲም አዋጥተን ወንበሩን ወደ አንድ ቶርኖ ቤት ተሸክመን ወሰድነው። ባለሙያው፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው፣ ገልብጠው አዩትና፦ «ልሙጡን ካላችሁኝ ምሳ በልታችሁ ስትመለሱ ይደርሳል። ጥምዙን ካላችሁኝ ግን ሦስት ቀን ስጡኝ» አሉን።

እግር እኮ እግር ነው፤ ልሙጡም ጥምዙም ወንበሩን ያቆመዋል። ታዲያ በአንድ ምሳ ሰዓትና በሦስት ቀን መካከል ያለው ያ ሁሉ ጊዜ የት ነው የሚገባው? በመንገድ ስንመለስ ከመካከላችን አንዱ፦ «ጌጥ ማለት የጌቶች ትርፍ ነገር ነው፤ የታሪክ ተማሪ ስለ እህልና ስለ መሬት እንጂ ስለ ወንበር እግር ምን አገባው?» ሲል ተከራከረን። ክርክሩ እስከ ማታ ዘለቀ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጓደኛችን የምንሰጠው መልስ ነው። በአጭሩ፦ በእንጨት ላይ የምናየው ጌጥ የሰው ጊዜ ነው። ስለዚህ የጌጥን ታሪክ መጠየቅ «ይህ የማን ጊዜ ነበር? ማንስ ወሰደው?» ብሎ መጠየቅ ነው። (ዘመናቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንሰጣለን፤ የአገራችንን ስንጠቅስ ለይተን እንናገራለን።)

በቅድሚያ ስለ መሣሪያው። በሌላው የአናጢ ሥራ እንጨቱ ይቆማል፣ ብረቱ ይሄዳል። በቶርኖ ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ እንጨቱ ይሽከረከራል፣ መሮው በመደገፊያ ላይ ያርፋል። እስካሁን ከሚታወቁት የቶርኖ ሥዕሎች ጥንታዊ የሚባለው በግብፅ ምድር፣ በፔቶሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ የተቀረጸው ሲሆን ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ የተሠራ ነው። በዚያ ሥዕል ላይ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዱ ጠፍሩን እየሳበ እንጨቱን ያዞራል፣ ሌላው መሮውን ይዞ ይቀርጻል። ይህን ልብ እንበል፤ ከመጀመሪያው አንዱ ጉልበት፣ ሌላው እጅ ሆነው ተከፋፍለዋል። በኋላ በአውሮፓ አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራበት ቶርኖ ተስፋፋ። ከላይ ተለማጭ የእንጨት ዘንግ ይታሰራል፤ ከዘንጉ የወረደው ገመድ በሚሠራው እንጨት ላይ ይጠመጠምና ከታች ከእግር መርገጫ ጋር ይያያዛል። ሲረግጡት እንጨቱ ወደ ፊት ይዞራል፣ ሲለቁት ዘንጉ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። መሮው የሚበላው ወደ ፊት ሲዞር ብቻ ነው። እንጨቱን ሳያቋርጥ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዞር፣ ከባድ መንኮራኩር ያለው ቶርኖ ደግሞ በ1480 ገደማ በሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ንድፎች መካከል ይገኛል።

እንግዲህ ቶርኖ በተፈጥሮው የሚሰጠው ጌጥ አንድ ነው፤ እሱም ቀለበት ነው። በሚዞር እንጨት ላይ የመሮውን ጫፍ ብናስነካው ዙሪያውን የሚሄድ መስመር ይወጣል። ጫን ብንል ጎድጓዳ፣ ግራና ቀኙን ብንበላለት ጉብ ያለ እንክብል ይሆናል። በጭረቱ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ወጥረን ብንይዝ ፍትጊያው እንጨቱን አክስሎ ጥቁር መስመር ያወጣል። ይህ ሁሉ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ማሽኑ በነጻ የሚሰጠው ጌጥ ነው ብንል ያስኬዳል።

ጥምዙ ግን በነጻ አይገኝም። ምክንያቱም ጥምዝ መስመር ሁለት እንቅስቃሴ ይፈልጋል፤ እንጨቱ አንድ ዙር ሲዞር ብረቱ የተወሰነ ርቀት ወደ ጎን መጓዝ አለበት። እንጨቱ በሚበርበት ፍጥነት ይህን ልክ ጠብቆ በእጅ መሄድ የሚሆን ነገር አይደለም። ስለዚህ ሠራተኛው ምን ያደርጋል? ቶርኖውን ያቆመዋል! በሁለተኛው ቀን ልናያቸው ስንሄድ የእኛም ሰውዬ ይህንኑ ሲያደርጉ አገኘናቸው። እንጨቱን መጀመሪያ ድብልብል አድርገው አውጥተዋል። ከዚያ በርዝመቱ አራት ቀጥ ያሉ መስመሮች በእርሳስ አስምረው፣ ዙሪያውን ደግሞ በእኩል ርቀት ቀለበት ቀለበት አድርገው አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ከፋፈሉት። ከአንዱ ማዕዘን ወደ ቀጣዩ እያሰለሱ ሲያያይዙት ጥምዙ መስመር ወጣ። በመስመሩ ላይ በመጋዝ እየቆረጡ ጥልቀቱን ያዙ፤ ቀጥለው በመሮ፣ ከዚያ በክብ ሞረድ፣ በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት። እንጨቱን በግራ እጃቸው ቀስ እያሉ ያዞሩታል። ቶርኖው አሁን ማሽን መሆኑ ቀርቶ መያዣ ሆኗል። ሦስቱ ቀን የሚገባው እዚህ ውስጥ ነው።

ይህ ጥምዝ በአውሮፓ የነገሠው በ17ኛው መቶ ዘመን ነው። በሮማ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመንበሩ በላይ የቆመውንና በርኒኒ ከ1624 እስከ 1633 ባለው ጊዜ ያሠራውን ትልቅ ድባብ የተሸከሙት አራት የተጠመዘዙ የነሐስ ዓምዶች ናቸው። እንዲህ ያለው ዓምድ ከንጉሥ ሰሎሞን መቅደስ የመጣ ነው የሚል እምነት ስለነበረ የሰሎሞን ዓምድ ይባል ነበር። የቤተ መቅደሱ ዓምድ ቀስ በቀስ አንሶ የጠረጴዛና የወንበር እግር ሆነ። በእንግሊዝ በ1660 ዳግማዊ ቻርልስ ዙፋኑን ሲያስመልስ፣ በክሮምዌል ዘመን ከቆየው ቁጥብነት በኋላ ጌጥ እንደ ጎርፍ ገባና በባለጸጋው ቤት እግሩ ያልተጠመዘዘ ወንበር ጠፋ። ኋላ እንግሊዞች ይህን ጥምዝ የሰየሙት በገብስ ስኳር ነው፤ ልጆች በሚመጡት የተጠመዘዘ ከረሜላ ስም ማለት ነው። የሳምንት ድካም በከረሜላ ስም ተጠራ!

በዚህ ጊዜ ሌላ ነገር ተከሰተ። መሳፍንቱ ራሳቸው ቶርኖ ላይ ወጡ። የሳክሶኒው መስፍን አውጉስት፣ ከ1553 እስከ 1586 የገዛው፣ የዝሆን ጥርስ በቶርኖ ይቀርጽ ነበር። ዛሬም በድሬስደን ከተማ «አረንጓዴው ግምጃ ቤት» በሚባለው ሙዚየም ውስጥ የዚያ ቤተ መንግሥት የዝሆን ጥርስ ሥራዎች ይታያሉ። አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ፣ እንደ ዳንቴል የሳሳ፣ ለምንም አገልግሎት የማይውል ዕቃ ነው። ጌቶቹ ለጨዋታቸው አዲስ ማሽን ፈለጉ። ሠሪዎችም ዘንጉ ላይ ዙሪያው እንደ አበባ ቅጠል የተሞገደ ክብ ብረት ገጠሙ። ብረቱ ሲዞር ዘንጉ ይወዛወዛል፣ መሮውም በእንጨቱ ላይ ክብ ሳይሆን አበባ ይስላል። ማኅተመኛው ጆዜፍ ሞክሰን በ17ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ስለ እጅ ጥበብ በለንደን ባሳተመው መጽሐፉ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን የሚሠራውን ቶማስ ኦልድፊልድ የተባለ ባለሙያ በስም ጠቅሶ አመስግኗል። የባለሙያ ስም በመጽሐፍ ላይ መውጣቱ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም። በ1701 ደግሞ ሻርል ፕሉሚዬ የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ በሊዮን ከተማ ለቶርኖ ጥበብ ብቻ የተጻፈ ትልቅ መጽሐፍ በላቲንና በፈረንሳይኛ አወጣ። ይህ ሰው የዕፅዋት ተመራማሪም ስለነበረ ፕሉሜሪያ የተባለው መዓዛማ አበባ ስሙን ይዞ ቀርቷል።

ከቶርኖ ነገሥታት ሁሉ ስሙ ገኖ የሚነሳው ታላቁ ጴጥሮስ፣ የሩሲያው ዛር ነው። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የቶርኖ ክፍል ነበረው። ከ1712 ጀምሮ በዚያ ክፍል አንድሬ ናርቶቭ የተባለ፣ ከተራ ቤተሰብ የወጣ ባለሙያ አብሮት ይሠራ ነበር። ናርቶቭ ከሥዕል ሞዴል እየገለበጡ የሚቀርጹ ቶርኖዎችን ሠራ። በእነዚህ ላይ መሮውን የያዘው የሰው እጅ ሳይሆን በብረት ጥርስ የሚነዳ መያዣ ነው። ከቶርኖዎቹ አንዱ በፓሪስ፣ ሌሎቹ በሄርሚታዥ ሙዚየም አሉ። በ1725 ዛሩ ሞተ፤ ናርቶቭም ከቤተ መንግሥቱ ራቀ። ስለ ማሽኖቹ የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ ጨርሶ በ1756 ሲሞት መጽሐፉ ሳይታተም ቀረ። ዛሩ በቶርኖ ላይ ያሳለፈው ሰዓት በታሪክ መጻሕፍት «ሥራ ወዳድ ንጉሥ» አሰኝቶታል። የናርቶቭ ዕድሜ ግን መሣቢያ ውስጥ ተቆለፈበት። ሁለቱም ያደረጉት ሥራ አንድ ዓይነት ነበር። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው ቢሉ፣ የአንዱ ጊዜ የራሱ መሆኑ፣ የሌላው ጊዜ የጌታው መሆኑ ነው።

ጨዋታው ግን አልቆመም። በ1792 በፈረንሳይ በርዠሮን በሚል የብዕር ስም አዲስ የቶርኖ መጽሐፍ ወጣ። ያ ዓመት የፈረንሳይ ንጉሣዊ አገዛዝ የተሻረበት ዓመት ነው። ቶርኖና ቁልፍ ሥራ ይወድ የነበረው ሉዊ 16ኛ በጥር 1793 በጊዮቲን አንገቱ ተቆረጠ። የጌጥ ቶርኖ ማዕከል ወደ ለንደን ዞረ። ከአልዛስ የመጣው ሆልትዛፕፈል በ1795 የመጀመሪያውን የጌጥ ቶርኖ ሸጠ። ቤተሰቡ በሦስት ትውልድ ከ2000 በላይ ቶርኖዎች አወጣ። ገዢዎቹ መኳንንት፣ ቄሶች፣ መኮንኖችና ባለጸጎች ነበሩ፤ ማሽኑ ሠርቶ ለማይበላ ሰው የተሠራ ነበር። በዚህ ማሽን ላይ አሠራሩ እንደገና ተገለበጠ። ዕቃው ይቆማል፣ ትንሿ መቁረጫ ትሽከረከራለች። ዘንጉ ላይ ባለው ክብ ሳህን ዙሪያ 96፣ 144 እና ሌላም ቁጥር ያላቸው ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ሰውዬው አንድ ቦታ ቆርጦ ሳህኑን ጥቂት ቀዳዳ ያልፍና እንደገና ይቆርጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ የእንጨቱ ገጽ እንደ ዓሣ ቅርፊት፣ እንደ ቅርጫት፣ እንደ ከዋክብት ይሆናል። ጥምዝ ሲፈልግ ዘንጉንና የመቁረጫውን መያዣ በጥርሳም መንኮራኩሮች ያያይዛቸዋል፤ ዘንጉ አንድ ዙር ሲዞር መያዣው በልኩ ይጓዛል። የእኛ ቶርኖ ሠሪ በእርሳስ፣ በመጋዝና በሞረድ የሚያገኙትን ልክ ይኸኛው በመንኮራኩር ጥርስ ቁጥር ያገኘዋል።

የሚቀረጸውስ ቁስ ከየት ነበር? ከሁሉ የሚመረጡት የዝሆን ጥርስና የአፍሪካ ጥቁር እንጨት ነበሩ። ያ ዛፍ ከሴኔጋል እስከ አገራችን በሚደርሱ ደረቅ ቆላዎች የሚበቅል ነው። በለንደን በአንድ ቄስ ጠረጴዛ ላይ ለቆመው ትንሽ ቅርጽ ዝሆኑን የገደለው፣ ጥርሱን እስከ ባሕር የተሸከመው ሰው ስም የትም አልተጻፈም።

እዚህ ላይ ጓደኛችን፦ «ታዲያ አላልኳችሁም? የጌቶች ጨዋታ!» ሊለን ነው። ቆይ! አንድ ነገር እንጨምር። ጥምዙን የእንጨት እግርና የብሎንን ጥርስ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠን እንያቸው። አንድ ናቸው! ሁለቱም በድብልብል ነገር ላይ በእኩል ርቀት የሚጠመዘዙ መስመሮች ናቸው፤ አንዱ ለዓይን፣ ሌላው ለሥራ። በለንደን በቁልፍ ሠሪው በብራማ ቤት የሚሠራ ሄንሪ ሞድስሌ የሚባል ወጣት ነበር። ደመወዙ በሳምንት 30 ሽልንግ ነበርና እንዲጨመርለት ጠየቀ፤ እምቢ አሉት። በ1797 ወጥቶ የራሱን ቤት ከፈተ። በዚያም ዘንጉንና የመቁረጫውን መያዣ በጥርሳም መንኮራኩር የሚያያይዝ፣ ብሎን የሚያወጣ የብረት ቶርኖ ሠራ። አሠራሩ ጥምዝ ጌጥ ከሚያወጣው ጋር አንድ ነው። ትክክለኛ ብሎን ባይኖር ትክክለኛ ማሽን የለም፤ ትክክለኛ ማሽን ባይኖር ደግሞ የእንፋሎት ሞተሩም፣ ሽመናውም፣ ይህች መጽሔታችንን የምታባዛልን ማሽንም የለችም። የጌቶች መጫወቻና የፋብሪካው እናት እንዲህ ተዛምደው ተገኙ።

ውጤቱስ ለሠራተኛው ምን ነበር? የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለመርከቦቹ በጣም ብዙ የእንጨት መዘውር ይፈልግ ነበር። ከ1802 ጀምሮ በፖርትስመዝ ብሩኔል የነደፋቸው፣ ሞድስሌ የሠራቸው ማሽኖች ተተከሉ። በ1808 በዓመት 130,000 መዘውር ወጣ። ቀድሞ 110 ባለሙያዎች የሚሠሩትን 10 ሰዎች ሠሩት። መቶዎቹ የት ሄዱ? የሚነግረን የለም። ታሪክ ስለ ማሽኑ ብዙ ጽፎ ስለ መቶዎቹ ዝም ይላል። በሌላ በኩል በባኪንግሃምሺር ጫካዎች ውስጥ በዘንግና በገመድ የሚሠራው የጥንቱ ቶርኖ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ቆየ። ቶርኖ ሠሪዎቹ በጫካው ዳስ ጥለው እርጥቡን እንጨት የወንበር እግር ያደርጉና በ144፣ በ144 እየቆጠሩ ለሃይ ዊኮም ወንበር ፋብሪካዎች ይሸጡ ነበር። 144 የሚለውን ቁጥር አንባቢ ያስታውሳል፤ በባለጸጋው ቶርኖ ሳህን ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ቁጥር ነው። ለአንዱ 144 የአንድ ቅርጽ ጌጥ፣ ለሌላው 144 የእንጀራ ልክ።

ሩቅ አገር ሆነ ለሚለን ደግሞ እጁን ወደ ኪሱ ይስደድ። በብር ኖቶች ላይ የምናያቸው እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ፣ እንደ ሸረሪት ድር የረቀቁ መስመሮች የዚያ የአበባ ቶርኖ የልጅ ልጆች ናቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ የባንክ ኖት ቀራጮች በቶርኖ የሚሳሉ የተጠላለፉ መስመሮችን በብረት ሰሌዳ ላይ ማውጣት ጀመሩ፤ ምክንያቱም የቀጣፊ እጅ ሊመስላቸው አይችልምና። የመስፍኑ መጫወቻ የገንዘብ ጠባቂ ሆነ።

ስለ ራሳችንም ሳንናገር ብናልፍ አድልዎ ይሆናል። በሩሲያ ዛሩ ቶርኖ ላይ ሲቆም ባለሙያውን ባያከብረው እንኳ ሥራውን አክብሮታል። በአገራችን ግን ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን «ቡዳ» እያልን ከሠራልን ማረሻ እየበላን፣ ከሸመነልን እየለበስን ሰደብነው። «ባለእጅ» የሚለው ቃል እኮ ምስጋና መሆን ነበረበት፤ ስድብ አደረግነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ስድቡ በአዋጅ እንዳልጠፋ ግን ሁላችንም ከየቤታችን እናውቃለን። እኛም ተማሪዎቹ፣ ስለ ሰፊው ሕዝብ ጉልበት ሌሊቱን ሙሉ የምንከራከረው፣ ከመካከላችን አንድ መሮ በትክክል መያዝ የሚያውቅ ስንት ነን?

ዛሬ የእንጨት ቶርኖ በብዙ አገር እንደገና የፍቅር ሥራ ሆኗል። በእንግሊዝ የጌጥ ቶርኖ ወዳጆች በ1948፣ በአሜሪካም የእንጨት ቶርኖ ሠሪዎች በ1986 ማኅበር አቋቁመዋል። አዳዲስ መሣሪያዎችም ወጥተዋል። በነጻ የምትሽከረከር ጥርሳም መንኮራኩር በሚዞረው እንጨት ላይ አዘንብለው ቢጫኗት ጥርሶቿ ጥምዝምዝ ጭረት ትተው ያልፋሉ። ስስ ተለማጭ ብረት በእንጨቱ የጅማት አፍ ላይ ቢያስነኩት ደግሞ ብረቱ እየተንቀጠቀጠ የማይደገም ነቁጥ ይተዋል። የደቂቃ ሥራ ነው። ያምራል፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን ያ ጥምዝ በገጹ ላይ የተጻፈ እንጂ በእንጨቱ ሥጋ ውስጥ የገባ አይደለም። ጊዜ ያልገባበት መሆኑን ጣት ሲነካው ያውቃል።

በሦስተኛው ቀን ወንበሩን ልናመጣ ሄድን። አዲሱን እግር ስናየው ደነገጥን። ሥራው ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ጥምዙ በተቃራኒ አቅጣጫ ሄዷል። ስናዝዛቸው እኮ የግራውን እግር በጣታችን እያሳየን «ልክ እንደዚህ» ብለናቸዋል። ከመካከላችን ደፋሩ፦ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይኼ ተገልብጦብዎታል መሰለኝ» አለ። ሰውዬው አልተቆጡም። ወንበሩን አንስተው ፊታችን አቆሙትና፦ «ልጆቼ፣ ሌሎቹን እዩ እንጂ» አሉን።

አየን። የግራ ሁለቱ እግሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠመዘዛሉ፤ በቀኝ በኩል የቀረው አሮጌው እግር ወደ ሌላው። ድሮ የሠራው ሰው ግራና ቀኙን ፊት ለፊት አስተያይቶ ነው የጠመዘዛቸው። ያ ወንበር በክፍላችን ጥግ ስንት ዓመት ተቀምጧል፤ ተቀምጠንበታል፣ ስለ ታሪክ ተከራክረንበታል። አንዳችንም አላየነውም ነበር።

ሒሳባችንን ከፍለን ወንበሩን ተሸክመን ወጣን። ያ ተከራካሪ ጓደኛችን እስከ በሩ ድረስ ከኋላ ሆኖ የአዲሱን እግር ጥምዝ በአውራ ጣቱ እየተከተለ ይመጣ ነበር።